የጸበሉ ሦስተኛ ቀን

ስሙኝማ ልጆች፣ ከናንተ መሃል ጓደኛው ማርያምን አስብሎ ምስጢር የነገረው አለ? ካለ፣ ያን ዕለት እሮብ ከሰዓት ፍዮሪ መርሃዊት አልጋ አጠገብ ሳፋ ይዛ ስትቆም ምን እንደተሰማት ብዙ ሳላወራው ይገባዋል።

መርሃዊትን ለአራተኛ ጊዜ አስመለሳት። የወጣው ውሃ ብቻ ነው። እናቷ እትዬ ትበርህ በነጠላቸው ጫፍ አፏን ጠረጉላት። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ የለም፤ እንዲያውም ደስ ብሏቸዋል።

«ተመስገን» አሉ። «እየወጣላት ነው፣ ፍዮሪዬ። ገና በሦስተኛ ቀኗ ጸበሉ ሥራውን ጀመረ።»

ፍዮሪ ከእትዬ ትበርህ ዓይን ለመሸሽ ሳፋው ውስጥ አየች።

ነገሩ የመጣው ከፊልሙ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ መንፈሳዊ ፊልም ታይቶ ነበር። ባለታሪኳ ኩላሊቷን የታመመች ልጅ ናት፣ ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠውባታል። አንድ ቀን መድኃኒቷን በሙሉ ወንዝ ውስጥ ትጥልና ጸበል ትገባለች። በሰባተኛው ቀን ድና፣ ሮጣ እናቷን ታቅፋለች። ሐኪሙ ሳይቀር ተንበርክኮ ያለቅሳል። አዳራሹ ውስጥ ያላለቀሰ አልነበረም ማለት ይቻላል።

ሲወጡ ግን ሁሉም የየራሱን ተናገረ። የፍዮሪ እናት «ደስ ይላል፣ መድኃኒቱን ስትጥል ግን ዓይኔን ጨፈንኩ» አለች። እትዬ ትበርህ «እምነት ማለት እኮ እሱ ነው» ብለው እንደገና አለቀሱ። የክፍላቸው ልጅ ኢያቄም፣ እዚያው ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ የሚመታው፣ ወደ ፍዮሪና መርሃዊት ጠጋ ብሎ፦

«አቦ ሐኪሙ አልቻለበትም። ሽንኩርት ቀብተውት ነው ያለቀሰው።»

«ሙድ አትያዝ፣ ፋራ» አለችው መርሃዊት። «በተአምር አታምንም ማለት ነው?»

«አምናለሁ። ማለቴ፣ ፊልም ላይ ሰባት ቀን በሁለት ደቂቃ ያልቃል። እኛ ሰፈር ሰባት ቀን ሰባት ቀን ነው።»

ፍዮሪ ሳቀች። መርሃዊት አልሳቀችም።

መርሃዊት ከአስር ዓመቷ ጀምሮ የስኳር በሽታ አለባት። ኢንሱሊኗን ራሷ ናት የምትወጋው። ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ውስጥ ስትወጋ ያዩዋት ልጆች «ሱሰኛዋ» ብለው ስም አውጥተውላታል። ሲጠሯት አብራ ትስቃለች። ቤት ስትገባ ግን ምሳዋን አትበላም፤ ይህን ፍዮሪ ታውቃለች።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ፍዮሪን ጎትታ አጥሩ ጥግ ወሰደቻት።

«አልናገርም ካልሽ ነው የምነግርሽ። ማርያምን በይ።»

«ምንድነው እሱ?»

«መጀመሪያ በይ።»

«እሺ፣ ማርያምን አልናገርም።»

«ከእሁድ ማታ ጀምሮ አልተወጋሁም። ሰኞ ጸበል ጀመርኩ፣ በቃ። ሁለቱን አንድ ላይ ማድረግ መጠራጠር ነው።»

«እትዬ ያውቃሉ?»

«እሷማ ትፈራለች። በሰባተኛው ቀን ነው የምነግራት፣ ስድን።»

ከቦርሳዋ ጸበል የሞላ ሃይላንድ አወጣችና ሳትተነፍስ ግማሹን ጠጣች። ትንሽ ቆይታ የቀረውንም ጨረሰችው። አሁንም ጠምቷታል።

እሮብ ከትምህርት ቤት ቀረች። ፍዮሪ ደብተር አደርሳለሁ ብላ ከባምቢስ በእግሯ ወደ ካዛንቺስ ወጣች። የፈረሱትን ቤቶች የከለለውን ቆርቆሮ ታክካ፣ እነመርሃዊት ግቢ ስትደርስ እትዬ ትበርህ ሳፋ አስያዟት።

አሁን ሳፋውን ተቀብለዋት ሊደፉ ወጡ። ፍዮሪ አልጋው ላይ ጎንበስ አለች። መርሃዊት ተኝታለች፣ ግን ሮጣ እንደመጣ ሰው ነው የምትተነፍሰው። ትንፋሿ የበሰበሰ ፍራፍሬ ይሸታል። ከንፈሯ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

«መርሂ፣ ልንገራቸው?»

ዓይኗን በግድ ገለጠች። «ማርያምን ብለሻል።»

«ብያለሁ። ግን እየባሰብሽ ነው።»

«አራት ቀን ነው የቀረኝ» አለችና ዓይኗ ተመልሶ ተከደነ።

ፍዮሪ ማርያምን ብላ አፍርሳ አታውቅም። እንኳን እንዲህ ያለውን፣ ስድስተኛ ክፍል ሳለች ለቀልድ የማለችውን እንኳን አላፈረሰችም። ደግሞስ ልጅቷ እውነት የምትድን ቢሆንስ? በእሷ ምላስ ተበላሸ ቢባልስ? መርሃዊት ዳግም ታናግራታለች? ቀና ስትል ግድግዳው ላይ ሥዕለ ማርያም ተሰቅላለች፤ ልጇን አቅፋለች። ፍዮሪ ረጅም ጊዜ አየቻት።

«ኃጢአቱ የኔ ይሁን» አለች በሹክሹክታ፣ ወጣችም።

እትዬ ትበርህ ቧንቧው ጋ ሳፋውን እያጠቡ ነበር።

«እትዬ፣ መርሃዊት መርፌ አቁማለች። ከእሁድ ጀምሮ።»

«ምን አልሽ?»

«አልተወጋችም። አስምላኝ ነው ያልነገርኩዎት።»

እትዬ ትበርህ አልጮኹም። ሳፋውን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት። «ጓለይ» አሉ። በትግርኛ ልጄ ማለታቸው ነው፤ ፍዮሪን ይሁን መርሃዊትን አልታወቀም። «ጓለይ፣ እኔ እኮ መድኃኒትሽን ተይ አላልኳትም።»

በጎረቤታቸው በፍሰሃ ላዳ ሆስፒታል አደረሷት። መንገዱን ሁሉ የመርሃዊት ጭንቅላት ፍዮሪ ጭን ላይ ነበር። የተቀበለቻቸው ሐኪም መስቀል ያሰረች ወጣት ናት። «ጸበሉን ትጠጣ፣ ማን ከለከላት» አለች። «መርፌውን ማን አቁሚ አላት?» እትዬ ትበርህ አንገታቸውን ደፉ። መርሃዊትን ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧትና በሩ ተዘጋ።

እሁድ መጣ። መርሃዊት አልነቃችም። ከቅዳሴ በኋላ ፍዮሪ በአዳራሹ በር ስታልፍ ሁለት መዘምራን ድምፃቸውን ሳይቀንሱ ያወራሉ።

«ሰባተኛ ቀኗ እኮ ዛሬ ነበር።»

«ያቺ ባትናገርባት።»

ኢያቄም ከበሮውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ዞረ። «ባትናገር ዛሬ ቀብር ነበርን» አላቸው። ይህን ሲል አልሳቀም። አንደኛዋ ግን ፍዮሪን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና ፊቷን አዞረች።

መምህራቸው ረዳኢ በሩ ላይ ወረቀት እየለጠፈ ነበር። ፊልሙ በሚቀጥለው እሁድ ለሕፃናቱ ክፍል ይታያል ይላል። ፍዮሪ አነበበችውና ከአጠገቡ ቆመች።

«መምህር፣ ፊልሙ ሲያልቅ እኔ ልናገር?»

«ምን ብለሽ?»

«እሮብ ያየሁትን።»

ረዳኢ ወረቀቱን በመዳፉ እንደተጫነ ወደ እሷ ዞረ። «ወላጆች ይመጣሉ እኮ፣ ፍዮሪ። ይቆጣሉ።»

«አውቃለሁ።»

ከዚያ ወደ ታክሲ ተራው ወረደች። እትዬ ትበርህ ሆስፒታል ብቻቸውን ናቸው፣ ምሳም አልበሉም።

መርሃዊት እስካሁን ዓይኗን አልገለጠችም። እናንተ ልጆች፣ እንደየእምነታችሁ ስትጸልዩ አስቧት። የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና ነው።