በሰባት የምትመታው ልጅ

ሚጡ የተገኘችው ድራሟ ላይ ተደፍታ ነው። አንደኛው የድራም መምቻ ዱላ ገና ከእጇ አልወጣም ነበር። በሩን ራሷ ከውስጥ ቆልፋዋለች፤ የጋዝ ማሞቂያው እንደበራ ነው። ሐኪሙ «አየር አጥሯት ታፍና ነው» አለ።

አያቷ ግን አልተዋጠላቸውም። መርማሪ አስጠሩ።

«ሁለት ክረምት ያሞቃት ማሞቂያ ዘንድሮ እንዴት ይገድላታል? ጎረቤታችን ነው። ‹ይህን ድራም ጸጥ አሰኘዋለሁ› ብሎ ሲዝት በጆሮዬ ሰምቻለሁ!»

«እማማ፣ ሰሞኑን ክፍሏ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ?»

«ምንም። እንዲያውም ሞቅ አድርጌላት ነበር።»

መርማሪዋ ለብቻዋ ገባች። ከጣሪያው ሥር ያለው የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ጨርቁን አውጥታ ጠርዙን ዳሰሰችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ጎረቤቱ፣ ሚጡ «ጋሼ ዝምታ» ያለቻቸው ጡረተኛ፣ አልካዱም።

«ዝቻለሁ። ሰው እንደ ሰው በአራት በአራት እየቆጠረ አይመታም? ሰባት፣ ሰባት! እኔ ራሴ ሾርባ በሰባት ማማሰል ጀመርኩ እኮ!» ሳቃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። «ሰሞኑን ግን ጸጥ አለ። ትታዋለች ብዬ… ናፈቀኝ፣ ልጄ።»

የሚጡ የድራም አስተማሪ ወጣት ነው። በሞተችበት ቀን በስልክ ሲያስተምራት የቀዳውን አሰማ።

«እጅ የለመደው ሁለት አራት፣ ማለትም ስምንት ስለሆነ ጀማሪ አንድ ምት ይጨምራል። ወር ሙሉ ተሰናክላ ያን ቀን ያዘችው።»

ሰባት። ሰባት። ሰባት። ቆይቶ ስምንት፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ አምስት።

«‹ምን ሆነሻል? አተኩሪ!› አልኳት። ዝም ስትል ተናዳ የሄደች መስሎኝ ስልኩን ዘጋሁት» አለና ፊቱን ሸፈነ።

መርማሪዋ ሦስቱንም ድራሙ ዙሪያ ሰበሰበች።

«ማንም አልገባባትም። ጩኸት የለም፣ ትግል የለም፤ ቆጠራው ብቻ ቀስ በቀስ ጠፋባት። ያን ቀን ብዙ ሰዓት የነደደው ማሞቂያ አየሩን ጨረሰው። ቀዳዳው ተደፍኖ ነበር።»

«አላልኩም!» አያትየው ወደ ጎረቤቱ ጠቆሙ።

«የተደፈነው ከውስጥ ነው። ጋሼ ደግሞ ይህን ደጃፍ ረግጠው አያውቁም።» ጨርቁን አወጣች። ድምጿ ወረደ። «ጥጥ ተሞልቶ፣ ዙሪያውን ተዘምዝሟል። በጥላቻ የሚወትፍ ሰው ጠርዝ አይዘመዝምም፣ እማማ።»

አያትየው ጨርቁን ተቀበሉ። ስፌታቸውን ደጋግመው አዩት።

«እንዳይበርዳት… ጋሼም በጩኸቱ እንዳይቆጧት ብዬ ነው እኮ።»

አያትየው ጨርቁን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት።

«ድሮ ወጥ ቤት ሆኜ እሰማት ነበር። ስትሳሳት በሩን አንኳኩቼ ‹ሰባት ነው፣ ልጄ!› እላታለሁ። ያን ቀን ግን… ጨርቁ… አልሰማኋትም።»

ጋሼ ዝምታ ተነስተው አጠገባቸው ተቀመጡ።

«እስቲ የቀዳኸውን መልሰህ አሰማን» አሉ አያትየው አስተማሪውን። «ሳትሳሳት የመታችውን ብቻ።»