መርፌዋ የምትሰማው

ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ግድግዳው የወፈረ፣ መስኮቶቹ የእንጨት መዝጊያ ያላቸው አንድ አሮጌ ቤት ውስጥ ንጋቱ የሚባል ዲጄ ከሚስቱ ከእታፈራሁ ጋር ይኖር ነበር። በከተማው በንጋቱ የዘፈን ሸክላ ያልተሞሸረ ሰው ቢገኝ ወይ መነኩሴ ነው፣ ወይ ገና ለአቅመ አዳም አልደረሰም ይባልለት ነበር። ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ አስፋልቱን ስታቀልጥና አገሩ ሁሉ በሩን ዘግቶ ጋደም ሲል፣ ባልና ሚስቱ መስኮቶቻቸውን ገርበብ አድርገው በዚያ ቀዝቀዝ ባለ ከፊል ጨለማ ውስጥ ለዓመታት የለመዱትን ሥራ ይጀምራሉ። እሱ ለሚቀጥለው ሠርግ ያሰባቸውን ዘፈኖች አንድ በአንድ ያጫውታል፤ እሷ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች። አስተያየት አትሰጥም። ከእንጨት የተሠራው ነጠላ ጫማዋ ወለሉን ቀጭ፣ ቀጭ ማድረግ ከጀመረ ዘፈኑ ለሠርጉ ታጨ ማለት ነው፤ ጫማው ዝም ካለ ግን ሸክላው ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

«ከአንቺ እግር የሚበልጥ ሙዚቃ አዋቂ አላየሁም» ይላታል።

«ምን ዋጋ አለው? ሸክላዎችህን ካገባህ በኋላ ነው እኔን የደረብከኝ» ትላለች፤ ጫማው ግን አያቋርጥም።

ንጋቱ ከማንኛውም ነገር አብልጦ የሚጠነቀቅለት አንድ ድንጋይ ነበረው። «መርፌ ጆሮ አላት» የሚል እምነት ነበረውና፤ እምነቱም ከልምድ የመጣ ነው። መርፌዋ ሸክላው ላይ የተቀረጸውን ብቻ ሳይሆን የተረገጠውን ወለል፣ የተዘጋውን በር፣ አልፎ ተርፎም ጠረጴዛው ላይ የተደገፈን ሰው ትንፋሽ ታነሳለች። ስለዚህ የሸክላ ማጫወቻው ከአንድ ወፍራም የእብነ በረድ ጠፍጣፋ ላይ ወርዶ አያውቅም፤ ድንጋዩ የቤቱን ንዝረት ውጦ ለመርፌዋ ዘፈኑን ብቻ ይተውላታል። ሠርግ ቤት ሲጠራም ተሸክሞት ይሄዳል፤ እድምተኛውም «ዲጄው ወፍጮውን ይዞ መጣ!» እያለ ይስቅበታል።

ነገሩ የተለወጠው የአዳራሹ ባለቤት በትሕትና አስጠርቶ ባነጋገረው ጊዜ ነው። «ጋሽ ንጋቱ፣ ልጆቹ የጠየቁትን ዘፈን እርስዎ ጎንበስ ብለው ከሳጥን ሲፈልጉ ጭፈራው ይቀዘቅዛል። ከእንግዲህ በኮምፒውተር ካልሆነ ሌላ ሰው ለመጥራት እንገደዳለን» አለው።

ንጋቱም አንገቱን ደፍቶ ወደ ወዳጁ ወደ ሙኒር የኤሌክትሮኒክስ መጠገኛ ሱቅ ሄደ።

«አቦ ንጋቱ!» አለ ሙኒር፣ አንዲት ላፕቶፕ ከመደርደሪያ እያወረደ። «ሳጥን ስትሸከም ወገብህ መንጠቆ ሆነ እኮ! ይቺ ሸክላህን በሙሉ ውጣ ገና ራበኝ ትላለች።»

«የዋጠችውን ትመልሳለች?»

«ሸክላው ቤትህ አይደል እንዴ? መመለስ ምን ያደርግልሃል?»

«የሸክላው ጭርጭርታስ?»

«እሱንም ታጸዳልሃለች። ግን መጀመሪያ ጫጫታው የቱ እንደሆነ ታስተምራታለህ። ዘፈኑ ሳይጀምር፣ መርፌዋ ባዶውን ስትሄድ የሚሰማውን ትመርጥና ይሄ ጫጫታ ነው ትላታለህ። ከዚያ ወዲያ ያንን ያገኘችበት ቦታ ሁሉ አትምረውም።»

ላፕቶፗን ገዝቶ ቤቱ ገባ፤ ገመዷ ግን አጭር ነበር። ንጋቱ የሸክላ ማጫወቻውን አንሥቶ ምግብ የሚበሉበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው፤ ድንጋዩ ግን ከብዶት ለዛሬ ብቻ ብሎ ከነበረበት ተወው። ክፍሉ በአሮጌ ካርቶንና በጋለ ፕላስቲክ ሽታ ታፍኗል፤ በመስኮቱ ክፍተት የገባ አንድ ቀጭን ብርሃን ሸክላው ላይ እየተሽከረከረ ነበር። እንደ ልማዱ አንዱን ጆሮውን በማዳመጫ ሸፍኖ፣ ሁለቱን ክርኖቹን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ፣ ምቱን ከአፍንጫው በማይወጣ ዜማ እያንጎራጎረ ባዶው መስመር ሲያልፍ ጠበቀ። ጣሪያው ላይ እርግብ ታጉረመርማለች፤ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ይንጠባጠባል፤ የግድግዳው ሰዓት ይቆጥራል፤ የእታፈራሁም ጫማ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን እየቀረበ ነው።

«ንጋቱ፣ ሎሚ ልጭመቅልህ?»

«ጭመቂልኝ፣ እታፍ።»

ላፕቶፗ ጫጫታው ይህ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ንጋቱ አዎን የሚለውን ነካ።

የወጣው ድምፅ የሚያስደንቅ ነበር። ዘፋኞቹ ከአርባ ዓመት አቧራ ሥር ተነሥተው ፊታቸውን የታጠቡ መሰሉት። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ከሰዓት በኋላ ሁሉ ሸክላዎቹን ለላፕቶፗ አበላት፤ አንዱ ሳጥን ሲያልቅ ሌላውን ከፈተ። በዚህ መሐል የእርግቧ ድምፅ መጥፋቱን ያስተዋለው እንደ ዋዛ ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ሲያይ ግን እርግቧ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ ናት፤ ጉሮሮዋ ይነፋል፣ ይሟሽሻል፣ ድምፅ የለውም። ጆሮዬ ደክሟል ብሎ ገባ። የቧንቧው ጠብታ ሳህን ላይ ሲወድቅ ዝም አለ። የሰዓቱ ዘንግ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ክፍሉ ውስጥ ይቆጥር የነበረው ነገር ግን ሳይሰናበት ወጥቶ ሄዷል።

በመጨረሻ ሥራውን ጨርሶ፣ የጸዳውን ዘፈን ለሚስቱ ሊያስፈርድ አጫወተላት። ጫማዋን ጠበቀ። አልሰማውም። አልወደደችውም ብሎ አሰበ። ወደ ጥጉ ዞር ብሎ በደብዛዛው ብርሃን እግሯን ቢያይ ግን እግሯ ከምቱ ጋር ይነሣል፣ ይወድቃል፤ የእንጨት ጫማው ወለሉን በኃይል ይመታል፤ ከዚያም ምንም።

«እታፍ፣ እስኪ ጠንከር አድርገሽ ምቺው» አላት።

ዓይኗን ገልጣ ወደ እሱ አቅጣጫ ተመለከተች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጥጥ ውስጥ እንደተቀበረ ሰው፣ ዝምታው ከአፏ ጀምሮ እስከ እሱ ድረስ ሲወርድ ተሰማው።

ወደ ላፕቶፗ ሮጠ። የተደረገውን የሚመልሰውን ምልክት ነካ፣ ደግሞ ነካ፤ ጽዳቱ ተጠናቋል ከማለት በቀር የምትመልሰው አልነበራትም። አጠፋት፤ ለውጥ የለም። የመጀመሪያውን ሸክላ አውጥቶ ድንጋዩ ላይ መልሶ አጫወተው፤ ዘፈኑ ወጣ፣ ጭርጭርታው ግን ከሸክላውም ላይ ተጠራርጓል። ሲመሽ ሚስቱ ከበስተኋላው ስትመጣ አልሰማትም፤ ያወቃት ከትከሻው በላይ እጇን ዘርግታ መብራቱን ስታጠፋ ነው። ጨለማው ውስጥ ስሟን ጠራ። እሷ ግን ባዶ ክፍል ትታ እንደምትወጣ ሰው ሳትቸኩል ወጣች።

በማግስቱ ሙኒር ሱቅ ሄደ። ገበያው እንደወትሮው ይተራመሳል፤ ባጃጆች ይመላለሳሉ፣ ነጋዴዎች አፋቸውን ከፍተው ይጣራሉ፤ ሁሉም ከወፍራም መስታወት ጀርባ ያለ ይመስላል። ከሙኒር ፊት ቆሞ «ያስተማርኳትን አስረሳት! ቤቴን ከነትንፋሼ ነው ያስተማርኳት!» ብሎ ጮኸ። ሙኒር የሚጠግነውን ሬዲዮ ቀና አድርጎ፣ አቧራውን ወደ ንጋቱ ዓይን እፍ ብሎ፣ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እታፈራሁ ለምሳ አንድ ሳህን ማቅረብ ጀመረች። አንድ ቀን በር ላይ የነበሩትን የእሱን ጫማዎች አንሥታ፣ ግራ እንደገባት ሁሉ እያገላበጠች ተመለከተቻቸውና ለቁራሌው ሰጠቻቸው። ንጋቱ ክንዷን ሊይዝ እጁን ሰደደ። የዳሰሰው ነገር ቢኖር እሷ ስታልፍ የተነሣውን ነፋስ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላውን ጥጉ ካለው ወንበሯ ሥር ቁጭ ብሎ፣ ያ እግር ሲነሣና ሲወድቅ እያየ፣ ያችን አንዲት ቀጭታ በመናፈቅ ያሳልፍ ጀመር። ሌላው ቀርቶ ያቺን ድምፅ አንዴ ቢሰማ ይበቃው ነበር።

እንዲህ ባለ አንድ ከሰዓት ሙኒር ሸክላዎቹን እንዲያይ ተጠርቶ ወደ ቤቱ መጣ። እታፈራሁ በእጇ ወደ ሳጥኖቹ አመለከተችው። ሙኒር አንድ ሸክላ መርጦ፣ የሸክላ ማጫወቻውን ወደ ብርሃኑ አስጠግቶ እዚያው ባዶ ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ድንጋዩ ወለሉ ላይ ቀረ። መርፌዋ ባዶው መስመር ላይ ስታርፍ ንጋቱ ዘሎ ማዳመጫውን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

እርግቧ ነበረች። ቧንቧው ነበረ። ሰዓቱ ነበረ። ቀጭ፣ ቀጭ የሚለው የእንጨት ጫማ ነበረ። ሁሉም እዚያ፣ ከመርፌዋ ማዶ፣ በሕይወት ነበሩ፤ እንባው ወረደ።

«እታፈራሁ እህቴ፣ ይሄ ሁሉ ሸክላ የማን ነው?» ይል ነበር ሙኒር።

«እኔ አላውቅም፤ ቤቱ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለች እሷ።

«እታፍ!» ብሎ ጮኸ ንጋቱ፣ በክርኖቹ ጠረጴዛውን ተደግፎ አፉን ወደ መርፌዋ አቅርቦ። «እኔ ነኝ! ንጋቱ ነኝ!»

በማዳመጫው ውስጥ የገዛ ድምፁ መጣለት፤ አሸዋ ብረት ላይ እንደሚበተን፣ ደቃቅ ሿሿታ። ጫማው ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች እታፈራሁ።

«ጫጫታ ነዋ፤ አሮጌ ሸክላ ላይ አይጠፋም። ላፕቶፗ የማታውቀው ትንሽ ቀርቷታል መሰል።»

ሰዓቱ ጥቂት ቆጠረ። ከዚያ የሚስቱ ድምፅ፣ ለዓመታት ሎሚ ልጭመቅልህ ይል በነበረው ለስላሳ ቃና፣ ከማዳመጫው ውስጥ እንዲህ አለ፦

«በል እንግዲያው አጽዳልኝ፣ ሙኒር፤ ቤት ውስጥ ብቻዬን ስሆን ሰው ያለ እየመሰለኝ እፈራለሁ።»