ላኪ የሌለው ዕቃ

የሰደበኝ አምፖንሳ ነው፤ የሰርዋ አጎት። ቀኑ ከፋሲካ በፊት ያለው ሐሙስ፣ ቦታው ኩማሲ፣ የገዛ ቤቱ ደጃፍ። እሱ ረስቶት ይሆናል፤ እኔ አልረሳሁም።

እኔና ሰርዋ በአንድ ግቢ ነበር የምንሠራው። እኔ አሮጌ ሞተር እፈታለሁ፤ ካምቢዮውን ለብቻ፣ የሞተሩን ክዳን ቴስታታውን ለብቻ እለያለሁ፤ ዘይቱን አንጠፍጥፌ፣ ግራሶ ቀብቼ በሳንቃ ሣጥን አሽጋለሁ። እሷ ዕቃው የሚሄድበትን ከተማ በቀለም ትጽፍበታለች።

«ቀስ!» አልኳት አንድ ቀን፣ ቴስታታ ስትገፋ። «ይሰነጠቃል።»

«ብረት አይደል እንዴ?»

«ቢሆንስ? ይሄ አይታጠፍም። ከወደቀ ተሰነጠቀ፣ አለቀ።»

«እንዳንተ በለኛ!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ትክ ብላ አየችኝ፤ የብሩሹ ቀለም እግሯ ላይ እስኪንጠባጠብ።

በኛ አገር የልጅቷን ቤት የሚያንኳኳው ሽማግሌ ነው፤ አግቢው አፉን አይከፍትም። እኔ ወላጆቼን ቀብሬአለሁ፤ የእናቴ ወንድምም ፊቱን ካዞረብኝ ቆይቷል። ስለዚህ ለጥያቄ የሚቀርበውን መጠጥ ተሸክሜ ብቻዬን ሄድኩ።

አምፖንሳ ጠርሙሶቹን አልነካቸውም።

«ከኋላህ ማን አለ?»

«ማንም የለም፣ ጋሼ።»

«ላኪ የሌለው ዕቃ እኛ ቤት አይገባም። መልሰህ ተሸከመው!»

ጎረቤት ሁሉ ሳቀ። ከመጋረጃው ኋላ ሰርዋ ስታለቅስ ሰማሁ።

የዝናቡ ወራት ሲያልፍ ቤተሰቦቿ ከድንበር ማዶ ላለ የዋጋዱጉ ከተማ ነጋዴ አጯት። ሠርጉ እዚያ ነው ተባለ። የሰውዬው ጭነትና ሙሽራዋ በአንድ መኪና ሊሄዱ ሆነ፤ ሣጥኖቹን ያሸግኩት እኔው ነኝ።

መኪናው ግቢያችን ውስጥ ሞተሩን ሲያስነሳ ሰርዋ ከጋቢናው ወርዳ ወደ እኔ ሮጠች።

«ቤዲያኮ! የግቢያችን አንጥረኛ፣ ሽማግሌው፣ እንደ አባት ሆኜ አንኳኳለታለሁ ብለዋል። አሁኑኑ ይመጣሉ። አንተ ብቻ እሺ በል፣ እቀራለሁ።»

ሊሸኛት የመጣው አምፖንሳ ሣጥን ላይ እንደተቀመጠ ሳቀ። «ሽማግሌም በውሰት ሆነ? በል እንጂ አንተ ዕቃ፣ ተናገር!»

ያኔ ደጃፉ ላይ የሳቁት ጎረቤቶችም ለሽኝት መጥተው ነበር፤ አሁንም ሳቁ። ፊቴ ነደደ።

ሰርዋ እጄን ያዘች። የዋጋዱጉን ስም የጻፈችበት ቀለም ጣቶቿ ላይ ገና አልደረቀም።

«ለሱ አትመልስለት» አለችኝ ቀስ ብላ። «ለኔ መልስልኝ።»

እጄን ከእጇ አወጣሁ። ግራሶ የጠገበውን ጨርቄን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ፣ ግቢው ውስጥ በቀሩት ባዶ ሣጥኖች መካከል አልፌ ሄድኩ።