ለብ ያለ ውሃ አባቴን ያቃጠለ ዕለት

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የሚያወሩ ሰዎችን ስሰማ የምስቅ ሰው ነኝ፣ እመኑኝ፣ ሥራዬም መለካት ነው፣ እዚህ እስራኤል፣ ያቭነ ከተማ ባለች አንዲት ላብራቶሪ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣ ውሃ እመረምራለሁ። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ መንገድ ላይ ይቀዘቅዛል፣ ግን ታች ትኩስ ሳለ ከድንጋዩ ያሟሟው ሲሊካ የሚባል ነገር ቶሎ አይለቀውም፣ እሱን ለክተን እታች ስንት ዲግሪ እንደነበረ እንገምታለን፣ በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባቴን ገደራ ከተማ ሐኪም ዘንድ አሳይቼ ወደ ቤታችን ወደ ቂርያት ማላኪ ስመልሳቸው፣ አለቃዬ ሮኒት ደወለችና መንገዴ ላይ ካለ ጉድጓድ ናሙና እንድቀዳ ለመነችኝ፣ ቤሰደር፣ እሺ ብዬ ጉድጓዱ ወዳለበት እርሻ ታጠፍኩ። ቴርሞሜትሩ ሠላሳ አንድ ዲግሪ አለ። ጠርሙሱን ስሞላ ግን ቱቦው ውስጥ እንደ ተጣደ ድስት የሚንተከተክ ድምፅ ሰማሁ፣ አየር ይሆናል ብዬ ተውኩት። አባቴ ጡረታ እስኪወጡ ቤኤር ቱቪያ ባለ ፋብሪካ የሠሩ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ሰው ናቸው፣ ከመኪና ወርደው መጡና መዳፋቸውን ከሚወርደው ውሃ ሥር ዘረጉ።

"ውይ! ልጄ፣ ይኼ እኮ የፈላ ነው!"

"አባየ፣ ለብ ያለ ነው፣ ይኸው እጄን ይዩት።"

"ተው፣ አትንካው!"

እኔን ምንም አላለኝም። የእሳቸው መዳፍ ግን ዓይኔ እያየ ቀላ፣ መኪናው ጋ ሳንደርስ ውሃ ቋጠረ።

በማግሥቱ ሲሊካውን ለክቼ ባሰላው፣ ዘጠና አራት ዲግሪ። ደገምኩት፣ ያው። ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ከእግራችን ሥር ያን ያህል ዘመን ሲፈላ የኖረውን ውሃ፣ እኔ በማሽን የደረስኩበትን፣ የአባቴ ቆዳ ቀድሞኝ አውቆታል።

ሮኒት ስነግራት ሳቀች፣ ግን ዓርብ ዕለት አባቴን ልትፈትን ስም ያልተጻፈባቸው ሦስት ጠርሙሶች ከላብራቶሪው ፍሪጅ አውጥታ ቤታችን መጣች፣ ሦስቱም እንደ በረዶ ቀዝቅዘዋል። አባቴ የመጀመሪያውን ነኩና "ቀዝቃዛ ነው" አሉ፣ ሁለተኛውን "ይኼ ሞቅ ይላል"። ሦስተኛው ላይ እጃቸው አየር ላይ ቆመ፣ ፊታቸው ተለወጠ፣ ቀስ ብለው ከወንበራቸው ተነሡ።

"ይኼን ካወጣችሁበት መልሱት።"

"በጣም ይሞቃል አባየ?"

"ስለ ሙቀቱ መቼ አወራሁህ?" አሉኝ በሹክሹክታ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው የፈሩ ይመስል።

ለሮኒት በዕብራይስጥ ነገርኳት፣ አልሳቀችም፣ ጠርሙሱን በሻርፕዋ ጠቅልላ ወጣች። ከየት እንደተቀዳ ስጠይቃት እስከ ዛሬ ወሬ ትቀይራለች፣ መዝገቡንም ሄጄ አይቼዋለሁ፣ የዚያን ቀን ከፍሪጅ ወጡ ተብለው የተጻፉት ናሙናዎች ሁለት ናቸው።