ሰልባትዮው ውስጥ ያንኳኳው

እኔ እንዲህ ባለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ጠንቋይ ደጃፍ ቆሜ አላውቅም፣ ስለ ዛር ሲወራም ቀድሜ የምስቀው እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ይህን ሳጫውታችሁ ሊያስፈራራን ነው አትበሉኝ።

በደርግ ጊዜ ፍኖተ ሰላም፣ አያ ደርሶ ጋራዥ እሠራ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ የዛሬውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ፣ አንድ ባሕር ዛፍ፣ አንድ የቆርቆሮ ጥላ፣ ከዚያ የአያ ደርሶ ጨዋታ ብቻ ነው፣ ያንን ጨዋታ ዛሬ ከየት ባገኘሁት እላለሁ።

ባለቤቴ ይታይሽ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ፣ እንደ አገሩ ደንብ፣ ቡሬ አጠገብ እናቷ ዘንድ ገብታ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወንድሟ በቅሎ እየጋለበ መጣና «ምጡ ጠንቶባታል፣ ሐኪም ቤት ካልደረሰች እንጃ» አለኝ። ግቢው ውስጥ ያለችው አንዲት አሮጌ ፒካፕ ብቻ ናት፣ የእሷም ሰልባትዮ፣ ማለቴ የቤንዚን ጋኗ፣ ዝጎ ተበስቷል። ሌላ ጊዜ ሲያፈስ ሳሙና እያሸን እንወትፈው ነበር፣ ይኼኛው ግን በሳሙና አልመለስ አለ። ቤንዚን ደግሞ ያኔ በኩፖን ነው፣ መንገድ ላይ ፈስሶ ካለቀ አለቀ።

ሰልባትዮውን ፈታን፣ ቤንዚኑን ገለበጥን፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠብነው፣ ከዚያ ውሃ ሞልተን አፉን ከደንንና ቀዳዳውን ወደ ላይ አዞርነው። ውስጡ ትነት ከቀረ እሳት ሲጠጋው ይፈነዳላ። በባልዲ የሞላሁት እኔው ነኝ፣ ውሃው በቀዳዳው ብቅ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቀዳዳውን ለመድፈን እርሳስ የምናቀልጥበትን የጋለ ብረት ይዤ ስጠጋ፣ ከውስጥ ቋ፣ ቋ አለ፣ ሰው በጣቱ በር እንደሚያንኳኳ። ሳርቀው ዝም፣ ሳስጠጋው ቋ፣ ቋ። እመኑኝ፣ ድምፁ የባዶ ዕቃ ድምፅ ነበር።

«አያ ደርሶ፣ ሰሙ?»

«ሰምቻለሁ። እሳቱን መልስ።»

«ይታይሽ እየሞተችብኝ እኮ ነው።»

«አንተ ከሞትክ ማን ያመጣታል? መልስ አልኩህ።»

ሰልባትዮውን በአንድ እጃቸው አነሱት። ውሃ የሞላ ዕቃ እንዲያ አይነሳም። ክዳኑን ከፍተው ቢገለብጡት ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ሥሩ ያለው አፈር እንኳ ደረቅ ነው፣ የወጣው ዓይን የሚያቃጥል የቤንዚን ሽታ ብቻ ነው።

አያ ደርሶ አማተቡና «ቅዳ» አሉኝ፣ እንደገና ሞላሁት። ከዚያ በኋላ አላንኳኳም። ደፈንነው፣ ገጠምነው፣ በረርን። ይታይሽን ሐኪም ቤት አደረስናት፣ ልጃችንም በሰላም ተወለደች።

አያ ደርሶ ነገሩን አንስተው አያውቁም፣ ሳነሳባቸውም «የሞላኸው አንተ፣ እኔን ምን ትጠይቀኛለህ» ብለው መፍቻ ያቀብሉኝ ነበር። ዛሬ እሳቸውም የሉም፣ ነፍሳቸውን ይማርና በጣም ይናፍቁኛል። ፒካፗም መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር ወዴት እንደተነዳች አልታወቀም።

በቀደም ይህን ለልጄ አጫወትኳት። ትስቃለች ብዬ ስጠብቅ «አባዬ፣ ያ አንኳኩቶ ያዳነን ታዲያ በየት ወጣ?» አለችኝ።

ክዳኑ ሲከፈት የወጣው ሽታ ብቻ ነበር። ቀዳዳውን የደፈንኩት በገዛ እጄ ነው።