ማራኪ ያጠበችው ቧንቧ

በአትላንታና በዙሪያዋ ጥሩ ድራፍት የሚቀዳው የትኛው ቤት እንደሆነ ከማራኪ ገሠሠ አብልጦ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ማራኪ ደግሞ ቢራ ቀምሳ አታውቅም።

እንቆቅልሽ አይደለም፤ ሥራዋ ነው። በርሜሎቹ ካሉበት ቀዝቃዛ ክፍል ተነስቶ እስከ ባንኮኒው የሚዘረጋውን ቀጭን ቱቦ በየሁለት ሳምንቱ ታጥባለች። ጠዋት፣ ቤቱ ለጠጪ ሳይከፈት፣ ባልዲዋንና ፓምፗን ይዛ ትገባለች። የማጠቢያ መድኃኒቱን በቱቦው ውስጥ ታዞራለች፣ የመቅጃዎቹን አፍ ፈታ በብሩሽ ትፈገፍጋለች፣ ከዚያ ንጹሕ ውኃ ትለቅበታለች። ሃያ ሦስት ቤት አላት። የትኛው ባለቤት ቀኑ ሳይደርስ እንደሚደውልላት፣ የትኛው ደግሞ ቱቦው ውስጥ እርሾ ጢም እስኪያበቅል ዝም እንደሚል በቃሏ ታውቃለች።

ሰርፀን ያገኘችው አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዲኬተር ውስጥ፣ እሷ «ቀይ በር» በምትለው መጠጥ ቤት ነው። በሩ ሲንኳኳ የዓይን መከላከያ መነጽርና እስከ ክርን የሚደርስ የላስቲክ ጓንት እንዳጠለቀች ሄዳ ከፈተች። አንድ ቀጠን ያለ ወጣት የሰው ካፖርት ታቅፎ ቆሟል።

በእንግሊዝኛ፣ ትናንት እዚህ ያደረሰው ተሳፋሪ ካፖርቱን መኪና ውስጥ እንደረሳ ነገራት። እሷም በእንግሊዝኛ፣ ቤቱ ዝግ መሆኑን፣ ካፖርቱን ግን ተቀብላ ማስቀመጥ እንደምትችል ነገረችው።

ሁለቱም ገና ሲተያዩ ሐበሻ መሆናቸውን አውቀዋል። ግን ማን ይጀምር? ስለ ካፖርቱ ቀለም፣ ስለ ኪሱ፣ ስለ አየሩ በእንግሊዝኛ አወሩ። የሚሉት ሲያልቅባቸው ደግነቱ ስልኳ ጮኸ።

«ወዬ እማዬ… አዎ፣ በልቻለሁ… እሺ፣ ቻው።»

ስልኩን ስትዘጋ ልጁ ፈገግ ብሏል።

«ምን በላሽ?» አላት፣ በአማርኛ።

«ምንም።»

«እናትሽን ዋሸሻት ማለት ነው።»

«አንተስ የሰው ስልክ ትሰማ የለ?»

ሰርፀ እባላለሁ አለ። ስኮትዴል ይኖራል፤ ከኤርፖርት ተሳፋሪ ያመላልሳል። ካፖርቱን ካስረከበ በኋላ መሄድ ነበረበት፤ አልሄደም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለስብሰባ የሚመጡት እንግሊዞች ገና ቀበቷቸውን ሳያስሩ ‹ጥሩ የድሮ መጠጥ ቤት የት አለ? ደህና ፓይንት ቢራ የሚቀዳበት› ይሉኛል። እኔ በየት አውቄ! ኤርፖርቱ አጠገብ ሠላሳ ቴሌቪዥን የተሰቀለበት ቤት አለ፣ እዚያ ድሮፕ አደርጋቸዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«አፑ ላይ ስታር ይቀንሱብኛል።»

«ይበልህ።»

«እሺ አንቺ የት ትጠጫለሽ?»

«አልጠጣም። ጴንጤ ነኝ።»

ሰርፀ ጓንቷን አየ፤ ባልዲዋን አየ፤ ከኋላዋ የተደረደሩትን በርሜሎች አየ።

«እኔም» አለ።

አላመነችውም። እሱም አላመናትም። ይሁን እንጂ የሙያዋ ነገር ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንላትምና መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቀለች።

«ስማ። ቴሌቪዥኑ ከአንድ በላይ ከሆነ እለፈው። መቅጃው ሃምሳ ከሆነ ሽሽ፤ ሃምሳ ዓይነት ቢራ ማን ጠጥቶ ይጨርሳል? በርሜሉ ውስጥ ያረጃል። ብርጭቆ በረዶ አስመስሎ ከፍሪዘር የሚያወጣ ቤት ጣዕም የሚደብቅ ቤት ነው። ሰውየው እየጠጣ ሲያወርደው አረፋው ብርጭቆው ላይ ቀለበት ቀለበት እየሠራ ከቀረ፣ ብርጭቆው በደንብ ታጥቧል። ባለቤቱ ራሱ ባንኮኒ ኋላ ቆሞ የሚቀዳ ከሆነ ደግሞ አትጠራጠር፣ አውርዳቸው።»

«ይሄን ሁሉ ሳትጠጪ?»

«እያጠብኩ።»

«ይሄ ቤትስ?»

«ጥቁሩን ቢራ ይጠይቁ። ከግራ ሁለተኛው መቅጃ ነው። ዛሬ ታጥቧል።»

በሦስተኛው ቀን ደወለላት። ቁጥሯን የካፖርቱን መድረስ ለመጠየቅ ብሎ ነበር የወሰደው፤ ካፖርቱ ባለቤቱ ጋ ከደረሰ ሁለት ቀን ሆኖታል።

«አራት እንግሊዞች ነበሩ» አለ። «አራቱም አምስት ስታር! አንዱ ሽማግሌ ሲመለስ እንባው መጣ።»

«ለቢራ?»

«ለቢራ። ‹ሃያ ከተማ ዞሬ እንዲህ ያለ አላገኘሁም፣ አንተ ሊቅ ነህ› አለኝ። ዝም አልኩት።»

«ሊቁ እኔ ነኝ።»

«እኮ ለዚህ ነው የደወልኩት።»

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የድምፅ መልእክት ትልክለት ጀመር። «አቮንዴል ያለው ባለ ደወሉ ቤት ትናንት ታጥቧል፣ ላክባቸው። ታከር ያለው እሳት ምድጃ ያለበት፣ ወንበሩ የሚመች፣ ሽማግሌ ካጋጠመህ እዚያ። ባቡር ሐዲዱ አጠገብ ያለውን ግን ለጠላትህም እንዳትነግር፤ አፉን ስፈታው ያየሁትን እኔ አውቃለሁ።» እሱ ደግሞ ማታ ማታ ሪፖርት ያደርጋል፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን እየዘፈነ እንደወጣ። እንዲህ እያሉ፣ ቀምሰው የማያውቁ ሁለት ሰዎች የከተማዋን ጠጪ ወደየመጠጥ ቤቱ መሩት።

ሥራ ቀዝቀዝ ባለባቸው ቀናት ሰርፀ አብሯት ይገባ ጀመር። ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ፣ ከበርሜሎቹ ኋላ አምፖሉ አይደርስምና ባትሪ ይይዝላታል። መጀመሪያ ላይ «ወደዚህ… አይ፣ ዝቅ አድርገው…» ትለው ነበር። ከሦስተኛው ሳምንት በኋላ ተወች። ዓይኗ ቀጥሎ ወዴት እንደሚሄድ አውቆ ብርሃኑ ቀድሟት ይደርሳል። አንድ ጊዜ ዞር ብላ አየችው። እሱ ቱቦውን አልነበረም የሚያየው።

«ማራኪ» አለ፣ ባትሪውን ሳያንቀሳቅስ። «ሂድ ያልሽኝ የምሄድ፣ ተው ያልሽኝ የምተው ሰው ሆኛለሁ። ይታወቅሻል?»

«ለተሳፋሪዎችህ ነው ወይስ ለራስህ?»

«ለራሴ።»

ማራኪ እጇ ላይ ያለውን ብሩሽ እንደ አዲስ ነገር አገላብጣ አየችው።

«ሽማግሌ ልላክ?»

«ላክ» አለች። ከዚያ ቶሎ ብላ «ቆይ» አለች። «አባቴ እዚህ እንደምሠራ አያውቅም። ‹የቧንቧ ሥራ ነው› ብዬዋለሁ።»

«እውነትሽን ነው እኮ።»

«እሱ ነው የሚያሳስበኝ። እውነቱን ተናግሬ ነው የዋሸሁት።»

አባቷ አቶ ገሠሠ የቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ባሉበት ሰው ስለ መጠጥ የሚያወራው ሊመሰክር ከሆነ ብቻ ነው፤ እንዴት እንደተወው። ማራኪ ሁለት ነገር ቆርጣለች፤ ያለ አባቷ ምርቃት አታገባም፣ ሥራዋንም አትተውም። ቅዳሜ እነግረዋለሁ አለች። ቅዳሜ አባቷ የእሑዱን ትምህርት ሲያዘጋጁ ዋሉ። ሽማግሌዎቹ እሑድ መጡ።

ስቶን ማውንቴን ወዳለው የነማራኪ ቤት የገቡት ሦስት ናቸው፤ ሁለቱ ከሰርፀ ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስተኛው አከራዩ ጋሽ ወንድሙ። ከሦስቱ የሚጠጣው ጋሽ ወንድሙ ብቻ ነው፤ አንደበተ ርቱዕም እሱ ብቻ ስለሆነ አፈ ጉባኤ አድርገውት ነበር። ጥፋቱ እዚያ ላይ ነው።

ማራኪ ከእናቷ ከወይዘሮ አበባ ጋር ወጥ ቤት ሆና ትሰማለች።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አባቷ።

«የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም» አለ ጋሽ ወንድሙ፣ በወጉ። ስለ ሰርፀ ጨዋነት ተናገረ፤ ስለ ትጋቱ ተናገረ፤ አንድም ወር ኪራይ አዛንፎ እንደማያውቅ ተናገረ። ጥሩ እየሄደ ነበር።

«ልጁን አመሰገናችሁ» አሉ አቶ ገሠሠ። «ልጃችንንስ ታውቋታላችሁ?»

«ምን ማለትዎ ነው፣ አቶ ገሠሠ!» ጋሽ ወንድሙ ቅር ሊለው ምንም አልቀረው። «ማራኪን የማያውቅ ማን አለ! እኔ እሷ ግባ ያላለችኝ ቤት ገብቼ አንዲት ጃምቦ አልጠጣም። በዚህ ከተማ እንደ እሷ መጠጥ ቤት የሚያውቅ ወንድ እንኳ የለም!»

ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ምንጣፉን ማጥናት ጀመረ።

«አልነገርሽውም እንዴ?» አለች እናቷ በሹክሹክታ።

«ለአንቺስ መች ነገርኩሽ?»

«እኔ ቦት ጫማሽን አሽትቼ ካወቅሁ አራት ዓመቴ ነው። ሂጂ፣ ውጪ።»

ማራኪ ወጣች። በወጉ ልጅቷ በዚያ ሰዓት ሳሎን አትወጣም፤ ወጣች።

«ማራኪ» አሉ አባቷ። ድምፃቸውን አላነሱም፤ ቢያነሱ ይሻላት ነበር። «ትጠጫለሽ?»

«ቀምሼ አላውቅም።»

«ታዲያ መጠጥ ቤት ምን ትሠሪያለሽ?»

«ቢራው የሚያልፍበትን ቱቦ አጥባለሁ፣ አባዬ። የቧንቧ ሥራ ያልኩህ እሱን ነው።»

«ቧንቧ ስትይኝ እኔ የሰው ማድቤት፣ የሰው መታጠቢያ ቤት…»

«አውቃለሁ። እንደዚያ እንድታስብ ነው የተውኩህ። እሱ ጥፋቴ ነው፣ ይቅር በለኝ። ሥራው ግን ጥፋት አይደለም።»

«እኔ እኮ ላመሰግናት ብዬ…» አለ ጋሽ ወንድሙ።

«ገብቶኛል፣ አቶ ወንድሙ።» አባቷ ተነሱ። «ስናስብበት እንጠራችኋለን።»

እንጠራችኋለን ተብሎ የተጠራ ሽማግሌ ብዙ እንደማይታወቅ እዚያ ክፍል ውስጥ ያልገባው አልነበረም። ሦስቱም ሳይቀመጡ ወጡ። ማራኪ አላለቀሰችም።

«አባዬ፣ ያለ ምርቃትህ አላገባም» አለች። «ሥራዬንም አልተውም። ነገ በሁለት ሰዓት ዲኬተር ነኝ፤ አድራሻውን እልክልሃለሁ። መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ እምቢ በል።»

አባቷ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አንስተው ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ።

ሰኞ ሁለት ሰዓት ሆነ፤ አልመጡም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል፣ መድኃኒቱን አዙራ መቅጃዎቹን ባንኮኒው ላይ ፈታታ ደርድራ ሳለ በሩ ተንኳኳ። አባቷ የእሑድ ሙሉ ልብሳቸውን ከነከረባቱ ለብሰዋል። ከኋላቸው ሰርፀ ፊቱ አመድ መስሎ ቆሟል። ከጠዋቱ በአሥራ ሁለት ሰዓት ደውለውለት «መኪና ትነዳለህ አሉ። ናና ውሰደኝ፤ እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ነው» ብለውታል።

የቤቱ ባለቤት ቶሚ ባንኮኒውን እየወለወለ ነበር። የማራኪ አባት መሆናቸውን ሲሰማ እጃቸውን በሁለት እጁ ጨበጠ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ እንዲህ የታጠበ ቱቦ ኖሮት እንደማያውቅ ነገራቸው። አቶ ገሠሠ አመሰገኑት። ዓይናቸው ግን ከተፈታቱት ብረቶች ላይ ነበር።

«መድኃኒቱን ስንት ደቂቃ ታቆይዋለሽ?»

«ሃያ።»

«እንዲሁ አስቀምጠሽ ነው ወይስ እያዞርሽ?»

«እያዞርኩ።»

ኮታቸውን አውልቀው ለሰርፀ ሰጡት። አንዱን የመቅጃ አፍ አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዙ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በውስጡ አዩ።

«እዚህ የመጠምዘዣው ጥርስ ላይ እድፍ ቀርቷል።»

ማራኪ ተቀብላ አየች። ቀርቷል። ፊቷ ጋለ፤ ብሩሿን አነሳች፤ እንደገና ፈገፈገችው። መልሳ ሰጠቻቸው። አዩና ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት፤ ሁለተኛውን አነሱ። ዘጠኙንም አዩ። ሌላ አላገኙም።

አቶ ገሠሠ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ውስጥ የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚያጥቡ ሰው ናቸው። ስለ ሥራቸው ቤት ውስጥ አውርተው አያውቁም፤ የሚጠይቃቸውም አልነበረም።

«ሃያ አንድ ዓመት መቀስና ቢላ አጥቤአለሁ» አሉ፣ እጃቸውን በፎጣ እየጠረጉ። «አንድ ሰው እንኳ ቀድጄ አላውቅም።»

ማራኪ መቅጃዎቹን ገጠመች። ውኃውን ለቀቀች። እየፈሰሰ ቆየ። መድኃኒቱ መልቀቁን የምትመረምርበትን ወረቀት ነክራ ቀለሙን አየች፤ ሳይጠይቋት ዘረጋችላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ከማሸጊያው ላይ ካለው ቀለም ጋር አስተያዩት።

ቶሚ ምን ልጋብዝዎ አላቸው።

«ውኃ» አሉ። ቶሚ ወደ ፍሪጁ ሲዞር እጃቸውን ወደ መቅጃው ዘረጉ። «ከዚህ።»

ማራኪ የፓይንት ብርጭቆ አጥባ ሞላችላቸው። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ አቶ ገሠሠ፣ ከረባታቸውን እንዳሰሩ፣ መጠጥ ቤት ባንኮኒ ላይ ተደግፈው ከቢራ መቅጃ የተቀዳ አንድ ሙሉ ፓይንት ውኃ እስከ መጨረሻው ጠጡ። ከትከሻቸው በላይ ማራኪና ሰርፀ ተያዩ።

«ምንም ምንም አይልም» አሉ ብርጭቆውን ሲያስቀምጡ። ከዚያ ወደ ሰርፀ ዞሩ። «ለአቶ ወንድሙ ንገረው። ቅዳሜ ይምጡ።»

«እሺ ጋሼ! ምን ልበላቸው?»

«ይምጡ በላቸው። እሱ ግን ብዙ አይናገር።»

ማራኪ ጓንቷን እስክታወልቅ መቆየት አቅቷት አባቷን ስማ በሁለት እጇ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች፤ ነጩ ሸሚዝ ረጠበ። አላስለቀቋትም። ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ግራ ቀኙን አይተው፣ የድሮ ድምፃቸውን አወጡ።

«የሠርጉን አዳራሽ ግን የምመርጠው እኔ ነኝ።»

«ወጥ ቤቱን ሳላይማ አይሆንም፣ አባዬ።»

«አብረን እናየዋለን። ማጠቢያውንም፣ ማቀዝቀዣውንም።»

«የውኃ መውረጃውንም።»

«እሱንማ መጀመሪያ።»

ሰርፀ ኮቱን እንደታቀፈ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሳቸውን አየ።

«እኔስ ጋሼ? ምን ልሥራ?»

አቶ ገሠሠ ኮታቸውን ተቀብለው እጃቸውን ከተቱ፤ ቁልፋቸውን አንድ በአንድ ቆለፉ።

«አንተማ ትነዳለህ።»