ውርጌሳ ላይ ያጎረስኩት እንግዳ

መጀመሪያ በአንድ ነገር እንግባባ፣ እኔ ጅን፣ ዛር፣ ቡዳ ምናምን ሲወራ ሳቄ የሚመጣ ሴት ነኝ፣ ወልድያ ገበያ ውስጥ ሰልባጅ ስሸጥ ያረጀሁ፣ ሰው "የሞተ ሰው ልብስ ነው" እያለ የሚሸሸውን ኮት ራሴ ለብሼ እየዞርኩ የምሸጥ፣ እንኳን የማላየውን የማየውንም የማልፈራ መሆኔን የሚያውቀኝ ሁሉ ያውቃል፣ ምላሴንም እንደዚያው። ስለዚህ ይህን ስነግራችሁ ወይ እመኑኝ ወይ ተዉኝ፣ ግን "ደንግጣ ነው" እንዳትሉኝ፣ ያኔ ነው የምንጣላው።

ነገሩ የሆነው በዚያ ክፉ የብርድ ሰሞን ነው። ታኅሣሥ መቼም ሁሌ ይበርዳል፣ ያ ግን ብርድ አልነበረም፣ ድብደባ ነበር። ጠዋት ስነሳ በጀሪካን ያደረው ውሃ በረዶ ሆኖ ጀሪካኑን ሰንጥቆታል፣ የግቢያችን ቧንቧ ፈንድቷል፣ ባጃጆቹ አልነሳ ብለው ሾፌሮቹ እየገፉ ይሳደባሉ፣ የጎረቤቴ ዶሮዎች ቆጡ ላይ እንደተቀመጡ ደርቀው፣ ቆጡን ስትነካው አንድ በአንድ ዱብ ዱብ አሉ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከወልድያ ሰው ሁሉ ደስ ያለኝ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፣ ምክንያቱም ሁለት ቦንዳ ሙሉ ሹራብና ጃኬት ዞር ብሎ የሚያየው አጥቶ ቤቴ ውስጥ ተቆልሎ ነበር።

እቃዬን ላስጭን ስወጣ የሰፈራችን ዘበኛ ከሚጠብቀው በር ሥር ተቀምጦ ሰው ከቦታል፣ መንጋጋው ተሰብሯል፣ አንድ ዓይኑ አብጦ ተዘግቷል። "ማነው የመታህ?" ይሉታል፣ እሱ ደግሞ በዚያ ባበጠ አፉ "ማታ አንድ ሰው አሳድሩኝ ብሎ ጠራ፣ ከፈትኩለት፣ ሰው የለም፣ የገባው ብርድ ብቻ ነው" ይላል። እኔ ዝም የምል መሰላችሁ? "ብርድ ደግሞ በየትኛው ቡጢው ነው?" አልኩና ሰዉን አሳቅኩ። ከዚያ ቦንዳዎቼን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ወደ መርሳ ወረድኩ።

መርሳ ስንደርስ ይሞቀናል ብዬ ነበር። በታኅሣሥ እንኳ ሰው በካናቴራ የሚሄድበት ቆላ ነዋ፣ ፓፓያና ማንጎ የሚያበቅል አገር። ያን ቀን ግን የመንገድ ዳር ፓፓያዎች ጠቁረው ተንጠልጥለዋል፣ ብዙዎቹ ደግሞ ከወገባቸው ተሰብረው መሬት ላይ ተኝተዋል። ውርጭ ያጠቁራል እሺ፣ ማን ሰበራቸው? ይህን ግን ያኔ አልጠየቅኩም፣ ሹራብ እየሸጥኩ ነበራ፣ ሰዉ እየተጋፋ ከእጄ ይነጥቀኛል። መሀል ላይ አንድ ጎልማሳ ገበሬ ሹራብ ሊለካ እጁን ወደ ላይ ሲያነሳ ጮኸ፣ ሸሚዙ ሲገለጥ ጎኑ ሙሉ በልዟል፣ ዱላ ያረፈበት ገላ ነው።

"ከማን ጋር ተጣልተህ ነው?" አልኩት።

"ኧረ ተይኝ እህቴ፣ የመሸበት ነኝ አለ፣ ከፈትኩለት።"

"ማን?"

"ወላሂ ማንም የለም" አለኝና፣ ሹራቡን ሳይለብስ በብብቱ ይዞ ሄደ።

እመኑኝ፣ ያኔ ትንሽ ሰቀጠጠኝ፣ ግን ብርዱ ነው አልኩ፣ ደግሞም ተናደድኩ፣ አንድ ወሬ ከወልድያ መርሳ ከእኔ ቀድሞ እንዴት ደረሰ ብዬ። አንደኛው ቦንዳ አለቀ፣ ሁለተኛውን ይዤ ወደ ውርጌሳ አለፍኩ።

ውርጌሳ የማርፈው አባባ ይማም ቤት ነው። እናቴ በሕይወት እያለች ለገበያ ስትመጣ እዚያ ታርፍ ነበር፣ እኔም ወረስኩት፣ እነሱ ሙስሊም እኛ ክርስቲያን ብንሆንም ጾም ሲሆን ሳልጠይቃቸው ሽሮ የሚሠሩልኝ ሰዎች ናቸው። ልጃቸው ለቀን ሥራ አፋር ወርዷል፣ ቤት ያሉት ሽማግሌውና ምራታቸው ዘሀራ ናቸው፣ ዘሀራም አራስ ነበረች፣ አርባዋ ገና አልሞላም። ስገባ ልጅቷን ደረቷ ላይ ለጥፋ እሳቱን ልትገባበት ምንም አልቀራት።

"እትዬ፣ ሀያት ጡት አልይዝ አለችኝ" አለችኝ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ ደርቋል፣ "ከጠዋት ጀምሮ ገላዋ አልሞቅ አለኝ።"

ነካኋት። የልጅቷ ከንፈር ጠቁሯል፣ እግሯ የቀዘቀዘ ውሃ ነው። ጤና ጣቢያ እንውሰዳት ብዬ ወጣሁ፣ የሚነሳ ባጃጅ የለም፣ ንፋሱ ደግሞ ሰው ይጥላል፣ በዚያ አየር ሕፃን ታቅፎ በእግር መሄድ መግደል ነው። ጎህ ሲቀድ እንወጣለን፣ እስከዚያ ማሞቅ ነው ተባባልን። ቦንዳዬን ፈትቼ ደህና ደህናውን ሹራብ ሁሉ ልጅቷ ላይ ከመርኩት፣ በሩን በመወርወሪያው ዘጋነው፣ ከታች ያለውን ክፍተት በጃኬት ደፈንኩት። ያቺ ልጅ እንድታድር ሙቀቱ ከቤቱ መውጣት የለበትም፣ ሌላ መላ አልነበረንም።

አባባ ይማም መግሪብ ሰግደው ጨረሱ፣ ሽሮው በትሪ ቀረበ፣ ገና እጃችንን ታጥበን መቀመጣችን ነው።

"ቤቶች!" አለ ከውጪ። "የመሸበት ነኝ፣ አሳድሩኝ።"

ድምፁ ለስላሳ ነው፣ ትሑት ነው፣ የሽማግሌ ይሁን የወጣት አይለይም። ውሻው አልጮኸም። እንግዲህ በኛ አገር የመሸበት ሰው በር ላይ ቆሞ ከጠራ ማን ነህ፣ ከየት ነህ የለም፣ "ቤት የአላህ ነው" ወይም "ቤት የእግዜር ነው" ተብሎ ይገባል፣ በልቶ ጠጥቶ ያድራል፣ ሽማግሌውም አፋቸውን ከፈቱ። "ቤት የአ…" ሲሉ ዘልዬ አፋቸውን በእጄ ያዝኩት። አንቱ የምለውን፣ አባቴ የሚሆን ሰው አፍ!

"አባባ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ አይመልሱለት!" የዘበኛውንና የገበሬውን ነገር አንድ ላይ ዘረገፍኩት።

"ልቀቂኝ አንቺ ልጅ! ከዚህ በር እንግዳ ተመልሶ አያውቅም!"

"አባ፣ ልጄን ይዩልኝ" አለች ዘሀራ፣ "በአላህ ይሁንብዎ አይክፈቱ።"

ያኔ የመጀመሪያው ምት በሩ ላይ አረፈ። ቆርቆሮው የሰው ጭንቅላት የሚያህል ወደ ውስጥ ጎበጠ። ሁለተኛው መጣ፣ ሦስተኛው ግድግዳው ላይ ሆነ፣ ከዚያ ቤቱን እየዞረ ይመታ ጀመር፣ ጭቃው እየተላቀቀ ይወርዳል፣ ጣሪያው ይንኳኳል፣ ዘሀራ የተኛችበት በኩል ሲደርስ ቆመና እዚያው እዚያው ደጋገመው፣ የግድግዳው እንጨት ሲሰነጠቅ ሰማሁት። እንዲያ ሆኖ ድምፁ ግን አልተቆጣም፣ ያው ለስላሳ ነው።

"ቤቶች፣ አራሷ እንዴት ናት?"

ዘሀራ ጮኸች። አባባ ይማም ከዘራቸውን ይዘው ተነሱ፣ ፊታቸው ላይ ፍርሃት የለም፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

"አፍርሶ መግባቱ አይቀርም" አሉኝ፣ "አፍርሶ ከገባ ጠላት ነው፣ የፈለገውን ያደርጋል። ተጋብዞ ከገባ ግን እንግዳ ነው፣ እንግዳ ደግሞ የቀመሰበትን ቤት አይነካም።"

"ሰው መስሎዎት ነው?"

"የጠራው በሰው ወግ ነው፣ እኔም በሰው ወግ እቀበለዋለሁ" አሉና፣ እግራቸው ላይ ተጠምጥሜ ስይዛቸው በከዘራው ቅልጥሜን ብለው አስለቀቁኝ። መወርወሪያውን ሳቡት። "ይግቡ፣ ቤት የአላህ ነው።"

በሩ ላይ ማንም የለም። ወዳጆቼ፣ ደጁን አይቼዋለሁ፣ ማንም የለም። እሳቱ ጭስ እንኳ ሳይወጣው ድርግም አለ፣ ዘሀራ የስልኳን ባትሪ አበራች፣ በዚያ ብርሃን አባባ ይማም ሰላም ሊሉ የዘረጉት እጅ ወደ ኋላ ሲጠመዘዝ አየሁ፣ ሲሰበር ቀጭ ሲልም ሰማሁ፣ ከዚያ ሰውየው ተነስተው ከግድግዳው ጋር ተላተሙና ወደቁ። እኔ ያደረግኩትን አሁን ሳስበው ይገርመኛል፣ ዘነዘና አንስቼ ባዶውን ቤት መደብደብ ጀመርኩ፣ እየተሳደብኩ፣ እናቱንም አልማርኩ፣ በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው አንድ ጠንካራ ነገር መታሁ። መታሁ ስላችሁ መታሁ! ዘነዘናው እጄ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ፣ ወዲያው ጆሮ ግንዴን አንድ ሲለኝ በደረቴ ተደፋሁ፣ አፌ ደም ሞላ።

ቀና ስል ለእንግዳ የተነጠፈው አጎዛ መሀሉ ጎድጉዷል፣ ሰው ተቀምጦበታል ብላችሁ ትምላላችሁ። ከልጅቷ ላይ ደግሞ ሹራቦቹ መነሳት ጀመሩ። አንዱ ተነሳና ወደቀ። ሌላው ተነሳና ወደቀ። ዘሀራ ላያቸው ላይ ተኛችባቸው፣ ጀርባዋ ላይ የሚያርፈውን ምት ድምፁን እሰማለሁ እንጂ የሚመታውን አላይም፣ እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም።

"አጉርሺው!" አሉ አባባ ይማም ከወደቁበት። "እጄ ተሰብሯል፣ አንቺ አጉርሺው!"

በእንብርክኬ ሄጄ ትሪውን አገኘሁት። ሽሮው ረግቶ ደርቋል፣ እንጀራው ሲቆረስ ይንኮሻኮሻል፣ እንደምንም ጠቀለልኩና ወደ አጎዛው ወደ ባዶው አየር ዘረጋሁት፣ ምን እንደምል ጠፍቶኝ አፌ ላይ የመጣውን፣ ሁላችንም ስናጎርስ የምንለውን "በሞቴ" አልኩ።

ከንፈር ነካኝ። ከዚያ ጥርስ። ጉርሻውን ከነሁለት ጣቶቼ ያዘውና ቀስ ብሎ ጎረሰ፣ ጣቶቼን ስስብ ከኔ እንደተቆረጡ ነው የተሰማኝ። ምቱ ቆመ። ሹራቦቹ ቆሙ። ቤቱ ውስጥ የቀረው የማላመጥ ድምፅ ብቻ ነበር፣ የታረመ ሰው አበላል፣ ያልተቻኮለ።

እኔም በዚያ ሰዓት አንድ ነገር ትዝ አለኝ፣ የጎረሰ ሰው ያጎርሳል፣ ወጉ ነው፣ ያጎረሰህን ዝም ብለህ አትነሳም። ነጠላዬን አፌ ላይ ጠቀለልኩና ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። ትሪው ላይ እንጀራ ሲቆረስ ሰማሁ። መጣልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ በልቤ እመቤቴን እየተማጠንኩ ጠበቅኩ፣ አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ በሩ በቀስታ ተዘጋ። ተመስገን አልኩ፣ ምሮኝ ነው አልኩ፣ ረስቶኝ ነው አልኩ።

ሌሊቱን እሳት አንድደን፣ አባባ ይማምን በጃኬት ጠቅልለን፣ ሹራቦቹን መልሰን ከምረን ተቃቅፈን አሳለፍነው፣ ልጅቷን ገልጠን ለማየት ሁለታችንም ድፍረት አልነበረንም። ጎህ ሲቀድ ነው ዘሀራ አንድ በአንድ የገለጠችው። ሀያት ተኝታለች። ፊቷ ቀልቷል፣ ገላዋ ይሞቃል፣ ትተነፍሳለች። ዘሀራ "አልሀምዱሊላህ" ብላ ልትስቅ አፏን ስትከፍት፣ የልጅቷ ጉንጭ ሲንቀሳቀስ አየን፣ እያላመጠች ነው። ዘሀራ ጣቷን አስገብታ አወጣችው። በሽሮ የተነከረ የእንጀራ ቁራሽ ነው፣ የጥፍር ያህል፣ ዙሪያውን በረዶ ይዟል። አርባዋን ያልጨረሰች ልጅ፣ ጥርስ የሌላት።

"እኔ አይደለሁም እትዬ" አለችኝ። እኔም አይደለሁም። ሽማግሌው እጃቸውም ሦስት የጎን አጥንታቸውም ተሰብሮ ከወደቁበት አልተነሱም።

ጤና ጣቢያ አባባ ይማምን "ወድቀው ነው" አሉ፣ የኔን ሁለት ጣቶች ጫፋቸውን ቆርጠው "ውርጭ ነው" አሉ፣ ልጅቷን ደግሞ መዝነው ምንም የላትም አሉ። አባባ ይማም እስከ ዛሬ ነገሩን ስታነሱባቸው "እንግዳ መጣ፣ ተስተናገደ፣ ሄደ" ብለው ወሬ ይቀይራሉ።

ሀያት አሁን ትሮጣለች። ታማ አታውቅም። በታኅሣሥ ጠዋት ሹራቧን አውልቃ ደጅ ትቀመጣለች፣ እናቷ ብትለምናት አትለብስም፣ አንድ ሰው ይመጣል ብላ የምትጠብቅ ይመስል ዓይኗን ከመንገዱ አታነሳም። ሰዎች "ጠንካራ ልጅ ወለድሽ" ይሏታል፣ ዘሀራም አሜን ትላለች፣ ዓይኗ ግን እኔን ያያል።

ለገበያ ስሄድ ዛሬም እዚያው አርፋለሁ፣ ከቀረሁ መፍራቴን ሁሉም ያውቅብኛላ። ትሪው ሲቀርብ ያቺ ልጅ ከሰዉ ሁሉ እኔን መርጣ አጠገቤ ትቆማለች፣ በትንሿ እጇ እንጀራ ቆርሳ፣ ወጡን አጥቅሳ፣ በሥርዓት ጠቅልላ ወደ አፌ ትዘረጋለች፣ ሳትቻኮል። እጇ የነካኝ ቦታ ሁሉ ይደነዝዛል። ቤቱ በሙሉ ይስቃል፣ "የልጅ ጉርሻ ይገፋል እንዴ?" ይሉኛል። እኔም አብሬ ስቄ ፊቴን አዞራለሁ፣ ልጅቷ ግን አትናደድም፣ እጇን እንደዘረጋች ቆማ ትጠብቀኛለች።